ጧፍ የምታህል ዓሣ

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ። ሌሊቱን በአየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ አድሬ፣ የመጨረሻ ተሳፋሪዬን ዌስት ሲያትል አውርጄ፣ ሊንከን ፓርክ ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ። ገና በቅጡ አልነጋም። ከፎንትልሮይ የተነሣችው ጀልባ መብራቷን አብርታ ወደ ቫሾን ደሴት ታዘግማለች። ከእሷ ወዲህ ባለው ውሃ ላይ ዓሣ ይዘላል፤ አንድ ሁለት እያሉ የሚቆጥሩት ሳይሆን ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ፈንዲሻ ያለ። እኔ እስከ ደረቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ እወረውራለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም የነካኝ የለም።

ፒንክ የሚባለው ሳልመን ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ተራብቶ ይሞታል። በዚህ ባሕር፣ በፒዩጀት ሳውንድ፣ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመለሱት የፈረንጆቹ ዓመት በጎዶሎ ቁጥር ሲያልቅ ነው፦ 2021፣ 2023፣ 2025። ይህ የሆነው በ2023 ነው። ወደ ዱዋሚሽ ወንዝ የሚያመራው መንጋ ይህን ዳርቻ ታክኮ ስለሚያልፍ «ዓሣ የለም» ብዬ ራሴን ማጽናናት አልቻልኩም። አንዳንዱማ ክርኔን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ከእኔ ሠላሳ እርምጃ ርቀው አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን እንኳ አልሸፈነም። ወገባቸው ላይ ሰማያዊ ሳፋ፣ አዎ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ፣ በቀበቶ አስረዋል። ሦስተኛውን ዓሣ ሲይዙ «በስመ አብ!» አሉ። ያኔ ነው ዞር ያልኩት።

ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛልና እዚህም ጋሼ ብቻ ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዓሣ ማጥመድ የጀመሩት ግን ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ በልጅነታቸው፣ በመንጠቆና በሊጥ፣ ቆሮሶ እያወጡ ነው። ሰላም ከተባባልን በኋላ የዝንብ ሳጥኔን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። ዝንብ የምለው አጥማጆቹ እንደሚሉት ነው፤ መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በክር ታስሮ የሚሠራ ማታለያ። አርባ ነበሩኝ። ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ዓይናማ፣ ጅራታም። ጋሼ ዞር ብለውም አላዩአቸው።

«ገመድህን አሳየኝ» አሉ።

በዚህ ዓይነት አጠማመድ የሚወረወረው ዝንቡ አይደለም። ዝንብ ምን ክብደት አለውና? የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ዝንቡ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይከተላል። ስለዚህ ገመድ የሚሸጠው በሚዛን ነው። ቁጥር 6 የሚባለው የፊተኛው 9 ሜትሩ ከ10 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ቁጥር 8 ደግሞ 13 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። ዘንጉም በዚያው ቁጥር ይመረጣል። ይህን አንብቤ ስለነበር ዘንጌም ገመዴም ቁጥር 6 ናቸው። በዚህ በኩል ኩሩ ነበርኩ።

ጋሼ ከማጠንጠኛዬ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ሳቡ። ገመዱ አልተዘረጋም። እንደ ድሮ ስልክ ሽቦ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ተንጠለጠለ።

«ይሄ የየት አገር ገመድ ነው?»

ካርቶኑ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ላዩ ላይ ዘንባባ ተሥሎበታል። ቅናሽ ላይ አግኝቼ ስገዛው «ለጨው ውሃ» የሚለውን አንብቤያለሁ፤ ዘንባባውን ግን አላነበብኩትም። ለሞቃት ባሕር የሚሠራ ገመድ ልባሱም ውስጡም ጠንካራ ነው፤ እዚያ ለስላሳ ገመድ በሙቀቱ ልፍስፍስ ብሎ ከዘንጉ ቀለበቶች ጋር ይጣበቃል። የፒዩጀት ሳውንድ ውሃ ግን በነሐሴ እንኳ እጅ ያደነዝዛል። ያ ጠንካራ ገመድ እዚህ ሲገባ ማጠንጠኛው ላይ የተጠመጠመበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሲወረወር ቀለበቶቹን እየፋቀ ያጥራል፤ ውሃው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጥምዝምዙ ሳይፈታ ይተኛል። ዓሣ ዝንቡን ቢጎርስ መጀመሪያ የሚሳበው ያ ጥምዝምዝ ነው። ወደ ጣቴ ወሬው እስኪደርስ ዓሣው ቀምሶ፣ ንቆ፣ ተፍቶታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አልነካኝም ያልኩት ምናልባት ውሸት ነበር።

ጋሼ ከቦርሳቸው ትርፍ ማጠንጠኛ አውጥተው አዋሱኝ። የተጠመጠመው ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ገመድ ነው። ሌላም ልዩነት ነበረው፤ የእኔ ተንሳፋፊ ሲሆን ይህኛው ቀስ እያለ ይሰጥማል። አጥማጆቹ ኢንተርሚዲየት ይሉታል። በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ነው።

«አሁን ደግሞ ከውሃው ውጣ» አሉኝ። «የቆምክበት መንገዳቸው ላይ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ሳልመን ዳርቻውን ይዞ የሚጓዘው ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ጎህ ሲቀድማ ከዚያም ይቀርባል። እኔ ልደርስበት ብዬ በገባሁ ቁጥር ዓሣው በስተጀርባዬ ያልፋል።

ለምን ቀስ ብሎ የሚሰጥም ገመድ እንደሚሻል የገባኝ ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ጥልቀት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ዓሣው ታች ነው፣ ገመዱም ታች መሄድ አለበት። ከዚያ ተነሥቼ የሠራሁትን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። ትንሽ መስጠም ጥሩ ከሆነ ብዙ መስጠም ይበልጣል ብዬ በማግሥቱ ቁጥር 6 ፍጥነት የሚባለውን፣ በሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር የሚወርደውን ገዛሁ። ይህ ገመድ ቦታ አለው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ ጥልቅ ውስጥ ያለን ዓሣ ለሚፈልግ ሰው። እኔ የቆምኩበት ዳርቻ ግን ጥልቀቱ ከሰው ቁመት አያልፍም። አሥር ስቆጥር ገመዴ ድንጋይ ላይ ተኝቷል። በአንድ ጠዋት አምስት ዝንብ ለድንጋይና ለባሕር ሣር ገበርኩ። ጋሼ ቆመው ያያሉ፤ ምንም አላሉም። አምስተኛው ሲበጠስ ብቻ «ቤቱን አገኘ» አሉ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ነፋስ በነበረበት ቀን ነው። ተንሳፋፊ ገመድ ይዞ አጠገባችን የቆመ ጎረምሳ ነበር። ማዕበሉ ገመዱን ያነሣል፣ ይጥላል፤ በየማዕበሉ ጀርባ ትርፍ ገመድ ይከማቻል። ዝንቡም ገመዱን ተከትሎ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ሣርና ስንጥር እየለቀመ ይመጣል። ተመልሼ የያዝኩት የጋሼ ግራጫ ገመድ ግን ከማዕበሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቀጥ ብሏል። ጣቴ፣ ገመዱ፣ ዝንቡ በአንድ መሥመር። ጠቀሜታው ጥልቀት ብቻ አልነበረም፤ ቀጥታ መሆኑ ጭምር ነው። ዝንብ የሚሄደው ገመድ በሄደበት ነው፤ ገመዱ የሚዋዥቅ ከሆነ የዝንቡን ቀለም መምረጥ ደብዳቤውን አሳምሮ ጽፎ አድራሻውን እንደ መርሳት ነው።

ሳፋውም ያን ቀን ገባኝ። የተሳበው ገመድ እግር ሥር ከወደቀ ማዕበሉ ከድንጋይና ከሣር ጋር ይተበትበዋል። ሳፋ ውስጥ ሲጠራቀም ግን ደረቅ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። መደብር ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቅርጫት በብዙ ብር ይሸጣል። ጋሼ የገዙት ከዕቃ ማጠቢያ መደርደሪያ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ፒንኬን የያዝኩት በአራተኛው ቀን ነው፤ ዝንቡ ካረፈ በኋላ ቀስ ብዬ አራት ቆጥሬ፣ በአጫጭር ስበት። ዝንቡ ከአርባዎቹ ሁሉ ትንሹ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያህል፣ ሮዝ ነበር። ፒንክ ባሕር ውስጥ የሚያድገው በአብዛኛው ጥቃቅን ተንሳፋፊ ፍጥረት እየበላ ነው፤ ክሪል የሚባለው ሮዝማ ነገር አንዱ ነው። ወንዙ ሲቃረብ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ሆኖም ይነክሳል። ለምን? አጥማጆች በዚህ አይስማሙም፤ እኔም ገላጋይ ለመሆን አልደፍርም። ያየሁት ትልቅ ዝንብ እንደሚሸሽ፣ ትንሽ ዝንብ እንደሚከተል ነው። ጋሼ የያዙትን ለጎረቤት አደሉት። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ባሕር ዳር ቆመው መጀመር አልፈለጉም።

መስከረም ጠባ። ፒንኩ አለቀና ኮሆ የሚባለው ሳልመን መጣ። ኮሆ ሌላ ጠባይ ነው፤ ይበልጥ ትልቅ፣ ፈጣን፣ ቁጡ፣ የሚያሳድድ። በሮዟ ዝንብ ላይ ያገኘሁት እምነት ሁሉ በአንድ ሳምንት ፈረሰ፤ ጭራሽ አላያትም። እኔም ወደ ሳጥኔ ተመልሼ ትልቁን፣ መዳፍ የሚያህለውን፣ ወፍራሙን መወርወር ጀመርኩ። ኮሆ ዓሣ በል ነው፣ ትልቅ ዓሣ ትልቅ ጉርሻ ይወዳል ብዬ። ሁለት ሦስቴ ከኋላው እየተከተለ መጥቶ እግሬ ሥር ደርሶ ዞሮ ሄደ። ማየቱ ካለማየት ይከፋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከኤድመንድስ በጀልባ ተሻግረን ፖይንት ኖ ፖይንት የሚባለው የመብራት ማማ ያለበት ጫፍ ሄድን። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል ውሃው ጫፉን እየታከከ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ሲያትል አካባቢ በቀኑ ከፍተኛ ሙላትና ዝቅተኛ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ሦስት ሜትር ተኩል ግድም ነው፤ ውሃው በቀን ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይገባል። ጋሼ አንድ ኮሆ ያዙ። መጀመሪያ ያዩት ከጅራቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ነው፤ የለችም፣ ተቆርጣለች። እርባታ ጣቢያ የተፈለፈለ ዓሣ ምልክቱ ይህ ነው። ክንፏ ብትኖር ወደ ውሃው ይመልሱት ነበር፤ ለዚሁም ሲባል የመንጠቆው የኋልዮሽ ጥርስ በፒንሳ ተደፍጥጧል።

ዓሣውን እዚያው ድንጋይ ላይ ገድለው ሆዱን ከፈቱ። «ና፣ እይ» አሉኝ።

የሆዱ ከረጢት ውስጥ አምስት ትናንሽ ዓሦች ተደርድረዋል። ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ርዝመታቸው ከትንሿ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ፤ ጀርባቸው ወይራማ፣ ሆዳቸው ብር። የአካባቢው ሰው የሻማ ዓሣ ይላቸዋል። በትክክል ስሙ የሌላ ዓሣ ነው፤ ቅባቱ በዝቶ ሲደርቅ እንደ ሻማ የሚነድ ሌላ ዓሣ አለ። እነዚህ አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩ ናቸው። ለእኔ ግን ሻማም አልመሰሉኝም። ጧፍ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በእቅፍ የሚሸጠው ጧፍ። መዳፍ የሚያህለውን ዝንቤን አጠገባቸው አኖርኩት። ጧፍ አጠገብ የቆመ መጥረጊያ!

ስንመለስ ጀልባው ላይ ጋሼ ስለ አንድ ሰው አጫወቱኝ፤ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ተከታተልኩት። ሌቸር ላምቡት የሲያትል ሰው ነበር፤ የቀርከሃ ዘንግ በእጁ የሚሠራ። በ1930ዎቹ ኮሆን በባሕር ላይ በዝንብ መያዝ ፈለገ፤ ዓሣው የሚበላውንም መምሰል ነበረበት። የሞተ ዓሣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መቅዳት ይችል ነበር። ግን ዓሣ ሲሞት ቀለሙ ይከዳዋል። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ትናንሽ ዓሦች ገንዳ ውስጥ አኑሮ ሲዋኙ ተመለከታቸው። ከዚያ ምልከታ የወጣው ዝንብ ካንድልፊሽ፣ የሻማ ዓሣ፣ ይባላል፦ የመንጠቆው አካል በብር ክር የተጠመጠመ፣ ከላዩ የዋልታ ድብ ፀጉር በሦስት ንብርብር። ከታች ፈዛዛ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ከላይ ወይራማና ደማቅ ሰማያዊ፣ መካከሉ ላይ ቀይ።

ያ ቀይ እንቅልፍ ነሣኝ። ጋሼ ድንጋይ ላይ በደረደሯቸው አምስት ዓሦች ላይ ቀይ ፈልጌ አላገኘሁም። ላምቡት ያየው በሕይወት ያለችዋን ነው፤ ስትገለበጥ ጎኗ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን።

የዋልታ ድብ ፀጉር ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ አሜሪካ በ1972 የባሕር አጥቢዎችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ብዙዎች በምትኩ የፍየል ፀጉር ይጠቀማሉ። ጋራዥ ካለው የአክስቴ ልጅ ሞርሳ ተውሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያንን ዝንብ አሰርኩ። መኪና የሚይዝ ሞርሳ ነው፤ መንጠቆዋ አፉ ውስጥ ጠፋች። ባለቤቴ ገባ ወጣ እያለች ስታይ ቆይታ በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «እኛ አገር ዝንብ የሚባረረው በጭራ ነው፤ አንተ ከጭራ ዝንብ ትሠራለህ?»

የመጀመሪያው በእርግጥም ጭራ ነበር። ጋሼ አይተው ግማሹን ፀጉር በመቀስ አነሡት። «አሁንም ብዙ ነው» ብለው ከቀሪው ግማሹን። የቀረውን ሳየው ምንም አልመሰለኝም፤ አሥራ አምስት ሃያ ፀጉር። ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን ተሰብስቦ ጧፍ ሆነ፣ ብርሃንም በውስጡ አለፈ። ወፍራም ዝንብ ጥላ ነው፤ ቀጭኑ ዓሣ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን ከተራው ዝቅ አድርጌዋለሁ። ውሃ ብርሃንን ሲያጣራ መጀመሪያ የሚበላው ቀይን ነው፤ ጥልቅ ውስጥ ቀይ ጥቁር ይመስላል። በበጋ የዚህ ባሕር ውሃ በጥቃቅን ዕፅዋት አረንጓዴ ስለሚሆን ሎሚማ አረንጓዴና ነጭ ከሩቅ ይታያሉ። ያ ለጀልባ ሰው ቁም ነገር ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ግን ቀዩም ቀይ ነው። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ሆነ፦ መጀመሪያ ገመዱ፣ ከዚያ የዝንቡ ርዝመትና ቅጥነት፣ ከዚያ አሳሳቡ፣ ቀለም ጉልበት ከተረፈ።

ውሃው ጫፉን ሲገርፍ የሻማ ዓሣዬ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። ያን ጊዜ ጋሼ ሌላ ያስሩልኛል። ቦብ ክላውዘር የተባለ የፔንሲልቬኒያ ሰው በ1987 ሳስኩዌሃና ወንዝ ላይ፣ ለባስ ዓሣ ብሎ የሠራው ነው። በመንጠቆው ጀርባ ላይ ሁለት የእርሳስ ዓይኖች ይታሰራሉ። ክብደቱ መንጠቆውን ስለሚገለብጠው ሹሉ ወደ ላይ ይሆናል፤ ድንጋይ እምብዛም አይዝም። ሲሳብ ይነሣል፣ ሲተዉት በአፍንጫው ይወርዳል። ለጨው ውሃም ለሳልመንም አልታሰበም ነበር፤ ዛሬ የዚህ ዳርቻ ሰው ያለ እሱ አይወጣም። አምስት ዝንብ የበላኝ ድንጋይ ላይ እሱን ሳሳልፍ የተበቀልኩ ያህል ተሰማኝ።

እንዲህ ሕጌን አጽድቄ ተደላድዬ ሳለሁ ነው ሌላው የመጣው። በመስከረም አጋማሽ፣ በደመራ ዋዜማ፣ ነፋስ የሌለበት ጠዋት። ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል። ከአጠገቤ የቆመ ሰው ተንሳፋፊ ገመድ ይዟል፤ ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ የስፖንጅ ራስ ያለው፣ ውሃውን እየገፋ የሚንቦጫረቅ ነገር። ሌላንድ ሚያዋኪ የተባለ የዚሁ አካባቢ አጥማጅ የፈጠረው ነው፤ ቢች ፖፐር ይሉታል፤ መንጠቆው ከስፖንጁ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ጅራቱ ዘንድ ይንጠለጠላል። አይሰጥምም። ቀጭን አይደለም። ጧፍ አይመስልም። ሽሽት ላይ ያለ ነገር ይመስላል እንጂ።

ከኋላው ውሃው በሁለት ተሰንጥቆ አየሁ። ስንጥቁ እየፈጠነ፣ እየቀረበ መጣ። ሰውየው መሳቡን አላቋረጠም። ኮሆው ከእግሩ ሦስት ሜትር ላይ ብቅ ብሎ ሙሉውን ጎረሰው።

አንድ ሸጠልኝ፤ ነጻ ልስጥህ ቢል እምቢ ብዬው ነው። በማግሥቱ እኔም ስንጥቁን አየሁ፤ ደንግጬ ዘንጌን ነቀነቅኩና ስፖንጁን ከአፉ ላይ ነጠቅሁት። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ከጎኔ ያሉት ጋሼ «ይጎርስ እንጂ! ለእንግዳ ጉርሻ ሰጥተህ እጅህን ትነጥቃለህ?» አሉ። በአራተኛው ቀን እጄን ያዝኩ፤ ጎረሰ፤ ክንፉ አልተቆረጠም ነበርና ከውሃው ሳላወጣው መንጠቆዋን ነቅዬ ለቀቅሁት። ተንሳፋፊ ገመድ ከመኪናዬ ኪስ አይወጣም አሁን። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራው። ባለ ዘንባባው የጓሮ ቲማቲም ታስሮበታል።

ጥቅምት ሲጋመስ ስልኬ ጠራ።

«ቸም ሳልመኖቹ ገብተዋል» አሉ ጋሼ። «ሎሚማ አረንጓዴ አለህ?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃው እንዴት ነው? ነፋስ አለ?»

ሲስቁ ተሰማኝ። «ይጎድላል፣ እስከ አራት ሰዓት። ነፋስ አለ። ሳፋህን እንዳትረሳ።»